ስንት ናችሁ?

ቅዳሜ ማታ ከአንድ የሀበሻ ምግብ ቤት በር ላይ ስትደርሱ የምትሰሙት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ናችሁ?» የሚል ነው። አስተናጋጇ ወንበር ልታዘጋጅ ብላ የምትጠይቀው ተራ ጥያቄ ነው። እኔን ግን ይህ ተራ ጥያቄ ላለፉት ጥቂት ዓመታት ሆዴን ሲቆርጠኝ ኖሯል። ለምን እንደሆነ ዛሬ ላጫውታችሁ። ስለ ምርጫም፣ ስለ ድርድርም፣ ስለ ዶላር ምንዛሪም አላወራም። ስለ ጥብስ፣ ስለ እስክስታና ስለ ወዳጅ ነው የማወራው። «ይኼ ሰውዬ ወሬ አለቀበት» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን በሀበሻ መሆኑንም ከወዲሁ ልንገራችሁ።

እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ የአንድ ማዕድ ሰዎች፣ አምስት ነበርን። ስማቸውን ጠርቼ አደባባይ አላወጣቸውም፤ በየሥራቸው ልጥራቸው። ትልቃችን ጋሼ ናቸው። በሱዳን በኩል ወጥተው በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚህ የገቡ፣ የሆቴል ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ከመላጥ ጀምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሲስተር ነርስ ናት፤ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ቆማ ውላ ማታ ደግሞ ከሁላችን በላይ ቆማ የምትጨፍር ሴት ናት። መሐንዲሱ በአገሩ ድልድይ ይሠራ የነበረ፣ እዚህ መጥቶ ስድስት ዓመት ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ቲኬት የቆረጠና በኋላ ወደ ሙያው የተመለሰ ነው። ባለታክሲው ባለታክሲ ነው። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ከ1997ቱ ምርጫ ማግሥት (ይህቺ አንዷ ዓመት የሀበሻ ናት፤ በፈረንጅ መጥራት አልሆነልኝም) ጋዜጦቻችን ሲዘጉና ባልደረቦቼ ሲታሰሩ የወጣሁ የቀድሞ ጋዜጠኛ።

ስለ ባለታክሲው አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ለታክሲ ነጂ ቅዳሜ ማታ ማለት ለገበሬ ኅዳር ማለት ነው። መኸሩ የሚሰበሰበው ያኔ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ያለችው ጊዜ የሳምንቱን ኪራይ የምትከፍል ጊዜ ናት። እርሱ ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን መኪናውን አቁሞ ይመጣል። ከእኛ ጋር ይበላል፣ አንድ ሁለት ዘፈን ይጨፍራል፣ ከዚያ ይወጣና ይሠራል። ሌሊት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ተመልሶ በር ላይ ይቆምና አንድ በአንድ ጭኖ በየቤታችን ያደርሰናል። በዚህ ከተማ ሕግ ዓርብና ቅዳሜ መጠጥ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሸጣል። ከዚያ በኋላ የጠጣ ሰው መሪ ይዞ ቢገኝ መንጃ ፈቃዱንም፣ ሥራውንም፣ አንዳንዴም ወረቀቱን ያጣል። ባለታክሲው በእነዚያ ሌሊቶች ከአምቦ ውኃ ሌላ ነገር ቀምሶ አያውቅም። ሒሳቡንም አንድ ቀን ተቀብሎን አያውቅም። «ሜትሩ ተበላሽቷል» ይላል። ዐሥር ዓመት ሙሉ የተበላሸ ሜትር!

የጋሼ ድርሻ ደግሞ ታሪክ ነበር። ምግቡ እስኪመጣ ድረስ የከተማዋን የምግብ ቤቶች ዜና መዋዕል ይተርኩልናል። ማማ ደስታ የሚባለው ቤት በ1978 ጆርጂያ አቬኑ ላይ እንደተከፈተና ስሙን ከባለሙያዋ ከወይዘሮ ደስታ ባይሩ እንዳገኘ የነገሩን እርሳቸው ናቸው። በ1980ዎቹ አዳምስ ሞርጋን ውስጥ 18ኛው ጎዳና ላይ ቀይ ባሕርና መስከረም የመሳሰሉ ቤቶች ነበሩ። ያኔ እንዲህ እንደ አሁኑ ማስታወቂያ የሚያይ ስልክ የለም። ማን ከሱዳን እንደመጣ፣ ማን ወረቀት እንዳገኘ፣ የትኛው ሆቴል ሰው እንደሚቀጥር፣ ማን ክፍል እንደሚያከራይ የሚታወቀው ጥብስ እየተበላ ነው። «ምግብ ቤቱ ለእኛ ኤምባሲያችን ነበር፤ እውነተኛው ኤምባሲማ በራፉ ሲያዩት ያስፈራ ነበር» ይላሉ ጋሼ።

እንጀራውስ? «ዐይን ያልነበረው እንጀራ!» ይላሉ እየሳቁ። ጤፍ ከየት ይመጣል? ሴቶቹ ከሱፐርማርኬት ራሱን በራሱ የሚያስነሣውን የፈረንጅ ዱቄት ገዝተው፣ ከሌላ ዱቄት ጋር ደባልቀው፣ በሽሮፕ ፓንኬክ በሚበላበት አገር እንጀራ ይጋግሩበት ነበር። ኋላ ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ፣ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ኖሮ ጤፍን ያየ ሰው፣ በአይዳሆ ስኔክ ወንዝ አካባቢ ጤፍ ዘርቶ ለሀበሻ ይሸጥ ጀመር። በ2006 መንግሥት የጤፍ እህል ከአገር እንዳይወጣ ከልክሎ ነበር፤ የተጋገረው እንጀራ ግን በአውሮፕላን እየተጫነ ዋሽንግተን ይገባ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን እንጀራው ትንሽ ከጠቆረ ወይም ከነጣ ያማርጣሉ። ጋሼ ግን እስከ ዛሬ ጥቅሉን ሲዘረጉ መጀመሪያ ዐይኑን ያያሉ። «ዐይን አለው፤ ብሉ» ብለው ይፈቅዳሉ።

ከዚያ ሙዚቃው ይጀመራል። እናንተም ታውቁታላችሁ፦ አንድ ሰው ኪቦርዱ ላይ ተቀምጦ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ሳክስፎኑንም በዐሥር ጣት ይዞት ይቆማል፤ አንድ ድምፃዊ ማይክሮፎን ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። ይህን ሥራ እንደ ትንሽ የምታዩ ካላችሁ ተሳስታችኋል። አስቴር አወቀ በ1980ዎቹ ድምፅዋን ለስደተኛው ያሰማችው በዚሁ ከተማ በእንዲህ ዓይነት ቤቶች ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ለትርዒት መጥቶ እዚሁ ቀረና ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖረ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተራውን ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 የቀረጸው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው ባለታክሲያችን የራሱ ወንድም የተሸለመ ያህል ኮራ። «አያችሁ? ታክሲ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ አታውቁም» እያለ አንድ ወር ሙሉ አስቸገረን።

ለእኔ ግን የእነዚህ ቤቶች ትልቁ ምሥጢር የዘፈኑ ቅደም ተከተል ነው። ኪቦርድ ያዡ በትዝታ ይጀምራል፤ ሰው እየበላ ነውና። ጠርሙሱ ሲጎድል ወደ ጎጃምና ጎንደር ይሻገራል፤ ትከሻ ይነቃል። ከዚያ ጉራጊኛ ይመታና ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሲስተር ጫማዋን የምታወልቀው እዚህ ላይ ነው። ኦሮምኛው ይመጣል፤ ወጣቶቹ ፊት ለፊት ተሰልፈው ይዘላሉ። ወላይትኛው ሲመጣ ወገብ ያለውና የሌለው ይለያል። ከዚያ ከበሮው ረጋ ብሎ ትግርኛው ይጀመራል፤ ሁሉም ክብ ሠርቶ፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ በዝግታ ይዞራል፤ መጨረሻ ላይ ከበሮው ሲፈጥን ክቡ ይፈርስና ሁሉም ፊት ለፊት ይገጥማል። በአንድ ሰዓት ውስጥ አገሪቱ በሙሉ በአንዲት ጠባብ ወለል ላይ ታልፋለች። የማንም ዘፈን ሲመጣ ማንም አይቀመጥም ነበር። አንድ መቶ ጊዜ ተሰብስበን ስለ አንድነት ከተናገርነው ሁሉ የበለጠ የማምነው ይህንን ነበር።

ነበር እያልኩ ነው። ወደዚያው ልመጣ ነው።

በመጋቢት 2020 ኮቪድ ቤቶቹን ዘጋ። እኛ ግን ቅዳሜን አልለቀቅንም። ምግቡን በካርቶን እየገዛን ፓርኪንግ ውስጥ መኪኖቻችንን ጎን ለጎን አቁመን፣ መስኮት ከፍተን፣ ከመኪና መኪና እየተጯጯህን እንበላ ነበር። ጋሼ ጉርሻ በመስኮት ማጉረስ ቀርቶባቸው እጃቸውን በሩቁ ሲዘረጉ፣ እኛም አፋችንን በሩቁ ስንከፍት የተሳቀው ሳቅ ዛሬም አለ። በሽታውን በጥብስ አለፍነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ በሰሜን ጦርነቱ ተጀመረ። ከእኛ ማን ከየት እንደሆነ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ እናንተም ከዚህ ገጽ ላይ ሆናችሁ ወንበር ትመርጣላችሁ። እኛም የጀመረን እንደዚሁ ነው፦ መጀመሪያ ዝምታ፣ ቀጥሎ አንዱ ለአንዱ የማይልከው ቪዲዮ፣ ቀጥሎ «አየኸው?» የሚል ጥያቄ፣ ቀጥሎ መልስ የማይሰጠው ጥያቄ።

የዋሽንግተን ቤቶች ሙሉ በሙሉ የተከፈቱት በሰኔ 2021 ነው። ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ የምንወደው ቤት በር ላይ ቆመን «ስንት ናችሁ?» ስንባል ሁላችንም በአንድ አፍ «አምስት!» ብለን እንደ ሕፃን ጮኽን። ባለቤቷ እትዬ ከኩሽና ወጥተው አንድ በአንድ ሳሙን። ክትፎውም፣ ጥብሱም፣ የጾም በያይነቱም (መሐንዲሱ በየጊዜው የራሱ ጾም አለው) በአንድ ትሪ ቀረበ።

በዚያ ሳምንት ከአገር ቤት የመጣው ወሬ አንዱ ወገን የሚደሰትበት ሌላው የሚያለቅስበት ዓይነት ነበር። ባለታክሲው መብላት አልቻለም። ሲስተር «ምነው?» አለችው። የአክስቱ ልጅ እንደተገደለ፣ እንዴት እንደተገደለና ማን እንደገደለው ነገረን። ጠረጴዛው ፀጥ አለ። መሐንዲሱ አቀርቅሮ እንጀራ ይቆርሳል፤ አያጎርስም፣ አይበላም፣ ይቆርሳል ብቻ። ያኔ እኔ፣ የተማርኩት ሰውዬ፣ ለዲግሪ ባሕር የተሻገርኩት፣ ዜና ሚዛናዊ መሆን አለበት እያልኩ ስሰብክ የኖርኩት፣ አፌን ከፈትኩ። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ?

«የዜናው ምንጭ ማነው?» አልኩ።

ባለታክሲው ረዘም ላለ ጊዜ አየኝ። «ምንጬማ እናቴ ናት» አለኝ።

ሌላ ቃል አልተናገረም። ተነሥቶ እጁን ታጠበ። ተመልሶ መጣና ከኪሱ ሁለት ሃያ ዶላር አውጥቶ ከትሪው ሥር አስቀመጠ። ከዚያ ወጣ። የዚህ ድርጊት ትርጉም ለፈረንጅ አይገባውም። በተማርኩበት የአውሮፓ ከተማ ጓደኛሞች ቡና ጠጥተው እያንዳንዱ የራሱን ሳንቲም ቆጥሮ ሲነሣ አይቻለሁ፤ እዚያ ክፋት የለውም። በእኛ ማዕድ ግን ሒሳብ ሲመጣ «እኔ ልክፈል፣ በእናትህ፣ በሞቴ» እየተባባለ የሚታገል ወይም እንደ ጋሼ እጅ ልታጠብ ብሎ ተነሥቶ በስርቆሽ የሚከፍል ነው ያለው። የድርሻን አስቀምጦ መነሣት «ከእንግዲህ ዕዳ የለብኝም፣ የለብህምም» ማለት ነው። ዐሥር ዓመት ሜትሩ የተበላሸበት ሰው በዚያች ሌሊት ሒሳቡን ዘጋ።

ያን ሌሊት ወደ ቤታችን የሄድነው በስልክ በጠራነው የማናውቀው ሰው መኪና ነበር። ሜትሩ ይሠራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ይነገራል። መሐንዲሱ «የእኛ ሰዎች» የሚላቸው የሚሰበሰቡበት ሌላ ቤት አገኘ። ባለታክሲውም የራሱን አገኘ። ጋሼ «ጉልበቴ» አሉ፤ ጉልበታቸው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። «ስንት ናችሁ?» ስንባል «ሦስት»፣ ኋላም «ሁለት» ማለት ተለመደ። አንድ ቀን እኔና ሲስተር ብቻችንን ተቀምጠን ሳለ ኪቦርድ ያዡ በለመደው ቅደም ተከተል መጣና አንድ ዘፈን ሲጀምር ከወለሉ ላይ ግማሹ ሰው ተነሥቶ ወደ ወንበሩ ሄደ። የትኛው ዘፈን እንደሆነ ልንገራችሁ? አልነግራችሁም፤ በሌላው ቤት በሌላው ዘፈን እንዲሁ ይደረግ ነበርና። ኪቦርድ ያዡ አራት መስመር ሳይሞላ ዘፈኑን ቀየረ። የሚበላው ከእኛ እጅ ነው፤ ምን ያድርግ?

በኅዳር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ጠመንጃው ሲቀመጥ ወንበሩ ግን አልተመለሰም። መንግሥታትና ጦሮች የሚታረቁበት ጠረጴዛ አላቸው፤ ለጥብስ ጠረጴዛ አደራዳሪ የሚልክ የለም። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር፤ ኩርፊያውን የሚያመቻቹ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩን። ኪራዩ ከ9ኛው ጎዳና አባሯቸው ብዙዎቹ ቤቶች ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደዋል፤ «ሩቅ ነው» ማለት ይቻላል። የጥብሱ ዋጋ ጨምሯል፤ «ውድ ነው» ማለት ይቻላል። «ኦቨርታይም አለኝ» ማለትማ የስደተኛ ጸሎት ነው። እኔም ሁሉንም ብያለሁ። ያላልኩት «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለውን ብቻ ነበር።

በ2024 ክረምት፣ በረዶው በበዛበት ሰሞን፣ የሲስተር አባት አገር ቤት ዐረፉ። መርዶው እንደተሰማ በዚያው ምሽት አፓርታማዋ ሞላ። በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ጋሼን ነው። ቀጥሎ መሐንዲሱ ከቤተ ክርስቲያን የተዋሰውን ተጣጣፊ ወንበር በሁለት እጁ ተሸክሞ ገባ። ብዙም አልቆየም፣ ባለታክሲው በትከሻው አንድ ካርቶን ውኃ ይዞ ደረሰ። አምስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን። ከዚያች ከ2021 ሌሊት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ማንም ማንንም «ስንት ናችሁ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ለቅሶ ቤት ወንበር አይቆጠርም።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ወንዶቹ ሻይ ስናመላልስ፣ ዕቃ ስናጥብ፣ በጠባቧ ኩሽና ትከሻ ለትከሻ ስንጋፋ «እለፍ»፣ «ያዝልኝ»፣ «ስኳሩ የት ነው?» ከሚል በቀር ወሬ የለም። ሲስተር ከፍራሽዋ ላይ ሆና ታየናለች። በሦስተኛው ቀን ማታ ጋሼ ካባቸውን ደርበው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። ጮክ ብለውም አልተናገሩም።

«ልጆቼ፣ ለለቅሶ ጊዜ አላችሁ። እሰየው፣ ይህም ትልቅ ነገር ነው። የእኔም ሩቅ አይደለም፤ እንደምትመጡልኝ አውቃለሁ። ግን እኔ በሕይወት ሳለሁ አብራችሁኝ ብትበሉ ይሻለኝ ነበር።»

ወጡ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ፤ ባለታክሲው ቀድሞ ወርዶ የመኪናውን መስታወት ከበረዶ እየጠረገ ነበር። አጠገቡ ቆምኩ። ያሰብኩት ንግግር ነበር፤ ጋዜጠኛ ነኝና መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው። ያወጣሁት ግን ይህን ብቻ ነው፦ «ያኔ የጠየቅሁህ የጋዜጠኛ ጥያቄ አልነበረም። ሰው ሞቶብህ ሳለ ነፍስ ይማር ማለት ሲገባኝ ምንጭ ጠየቅሁህ። ነፍስ ይማር።»

መጥረጉን አላቆመም። አንዱን መስታወት ጨርሶ ወደ ሌላው ዞረ። ከዚያ «በምንድን ነው የምትሄደው?» አለኝ።

«በባቡር።»

«በዚህ ብርድ? ግባ።»

ከአሌክሳንድሪያ እስከ ቤቴ ድረስ ስለ መንገዱ፣ ስለ በረዶውና የታክሲውን ሥራ ስለገደለው የስልክ ጥሪ አወራን። ስለ ሌላው አላወራንም። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ስወርድ ግን በልማድ ኪሴን ብዳብስ «ተው እንጂ» አለኝ፣ «ሜትሩ ተበላሽቷል።»

ሲስተር ሐዘኗን እስክታወጣ ድረስ ቆየን። ከዚያ በኋላ ደዋይዋ እርስዋው ነበረች። «አባቴ ጭፈራ ይወድ ነበር፤ ቅዳሜ እንውጣ» አለች። ለአራታችንም ደወለች። በቀጠሮው ሰዓት ጋሼ፣ ሲስተር፣ ባለታክሲውና እኔ በሩ ላይ ደረስን። አስተናጋጇ አዲስ ልጅ ናት፤ ታሪካችንን አታውቅም። «ስንት ናችሁ?» አለች።

ተያየን። መሐንዲሱ «እሞክራለሁ» ነበር ያለው። በሀበሻ ቋንቋ «እሞክራለሁ» ማለት አልመጣም ማለት ነው። ጋሼ ግን «አምስት» አሏት።

አምስተኛው ወንበር ባዶውን ተቀመጠ። በላን፤ በጥንቃቄ በላን ማለት ይሻላል፤ ሁሉም ስለ ሽሮው ያመሰግናል። ጋሼ ዐይኑን አይተው ፈቀዱ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን ባለታክሲው ለሥራ ይነሣል ብዬ ብጠብቅ አልተነሣም። ሙዚቃው ተጀመረ። ትዝታው አለፈ፣ ጎጃሙ አለፈ፣ ሲስተር ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ያ ዘፈን መጣ፤ ሰው ሁሉ የሚቀመጥበት። እውነትም ግማሹ ተቀመጠ። እኛ የቆምነው ቆመን ቀረን፤ መቀጠሉም መቀመጡም አስፈራን።

መሐንዲሱ የገባው በዚያች ደቂቃ ነው። ካፖርቱን እንኳ አላወለቀም። ጠረጴዛው ጋር ሳይደርስ፣ ማንንም ሰላም ሳይል፣ በቀጥታ ወለሉ ላይ ወጣና ከባለታክሲው አጠገብ ቆሞ ትከሻውን አንቀሳቀሰ። ዘፈኑ የእርሱ ነበር ወይስ የባለታክሲው? ይህንንም አልነግራችሁም። ሦስት ዓመት ስላልጨፈረ እግሩ ተሳስቷል፤ ካፖርቱ ያንገላታዋል። ባለታክሲው ዞሮ አየውና እግሩን ዝቅ አድርጎ ቀስ እያለ አሳየው። ኪቦርድ ያዡ ዘፈኑን አልቀየረም። ከተቀመጡት መካከል የተነሣም ነበረ፣ ያልተነሣም ነበረ።

ተረት እንዳይመስላችሁ፤ ያን ሌሊት ነገሩ ሁሉ አልታረቀም። ከዚያ ወዲህም ሁለት ጊዜ ልንጣላ ደርሰናል። ደግሞ እኮ አገር ቤት ያለው ነገር አላለቀም፤ ከሰሜን ጦርነት በኋላም ሌላ እሳት ሌላ ቦታ ተነሥቷል፤ ከእኛም ውስጥ ዛሬ ስልክ ሲጮኽ የሚደነግጥ አለ። ስለዚህ ጥቂት ደንብ አወጣን። ስልክ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ፖለቲካ አይከለከልም፣ የተከለከለ ነገር ይከማቻልና፤ ነገር ግን ምግቡ ሳይነሣ አይጀመርም። ሰው ሞተብኝ ላለ ሰው የመጀመሪያው መልስ «ነፍስ ይማር» ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ይህቺን ደንብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ በሙሉ ድምፅ አለፈች። የመጨረሻዋን ጋሼ ጨመሩ፦ የማንም ዘፈን ሲመጣ ማንም አይቀመጥም፤ ጉልበቱን የሚያመው በወንበሩ ላይ ሆኖ ያጨብጭብ።

በእኛ መካከል ቅዳሜ መውጣትን እንደ ብክነት የሚያይ ብዙ ሰው አለ። «አገር እየተቃጠለ ጭፈራ?» የሚል ቁጡም አለ። ንዴቱ ይገባኛል፤ እኔም ብዬው አውቃለሁ። ነገር ግን ሳንጨፍር ባሳለፍናቸው ሦስት ዓመታት አገሪቱ አልዳነችም። እኛ ብቻ ነን አምስት የነበርነው ሁለት የሆንነው። ለቅሶውን ለመድረስ ማንም አይሰንፍም፤ የሚያስቸግረን በሕይወት ያለውን ሰው መድረስ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም፣ አንቺም፣ ከማዕዳችሁ ላይ የጎደለ ሰው ታውቃላችሁ። ስልኩም አላችሁ። «ቅዳሜ ጥብስ እንብላ» ለማለት ስለ አገር ጉዳይ መስማማት አያስፈልግም። ምናልባት «እሞክራለሁ» ይላችኋል። ወንበሩን ግን ቆጥራችሁ ያዙለት።

እኔ ይህን ጽፌ ስጨርስ ዓርብ ማታ ሆኗል። ነገ አምስት ነን። መሐንዲሱ ጾም ይዣለሁ ስላለ በያይነቱ ለብቻ ይታዘዛል። ጋሼ ከአሁኑ ሊከፍሉ እንዳሰቡ ስለማውቅ እጅ ሊታጠቡ ሲነሡ ቀድሜያቸው ለመነሣት ቆርጫለሁ።

የሳምንት ሰው ይበለን።